ወተቱ በባጃጅ ሲዞር የዋለበት ቀን

በመጀመሪያ በዚያ ቀን የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ። ስማቸውን አልጽፍም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ሥራቸውን ስናገር የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል፤ ለማያውቃቸው ደግሞ ስማቸው የሚጨምርለት ነገር የለም።

አንደኛዋ ወተት ሻጯ ነች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የአፋር መንደር በየማለዳው የግመል ወተት ይዛ የምትመጣ፣ ሁላችንም እናቴ የምንላት ሴት። ሁለተኛዋ የወንድሟ ሚስት ነች፤ እሷም ወተት ትሸጣለች፣ ከወተቱ ይልቅ ግን በምላሷ ትታወቃለች። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ናቸው። የድሮው ባቡር ሥራ ሲያቆም ወደ ትውልድ ከተማቸው ድሬዳዋ አልተመለሱም፤ ግቢያቸው ውስጥ ብየዳ ይሠራሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። አራተኛው ሁለቱን ሴቶች ከነወተታቸው የሚያመላልሰው የባጃጅ ነጂ ነው። አምስተኛዋ አክስቴ ነች፤ ከወሎ መጥታ አውቶቡስና ከባድ መኪና ከሚቆምበት መንገድ ዳር ሆቴል ከፍታለች። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ሰመራ አንድ የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ የሌላውን እጅ እያየሁ ሙያ ለመድኩ፤ አሁን የአክስቴ ሆቴል አጥር ላይ በተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ስልክና ማራገቢያ እጠግናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሌላው ወር ወተት መሸጥ አያስቸግርም። ማለዳ የታለበው ወተት አውቶቡሶቹ ለምሳ ሲቆሙ ያልቃል። ረመዷን ሲገባ ግን ቀን የሚጠጣ ሰው የለም፤ የማለዳው ወተት እስከ መግሪብ መቆየት አለበት። የማታውን ወተት እንዳያመጡ ግመሎቹ ከግጦሽ የሚመለሱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ታልቦ፣ ተጭኖ፣ ያ ሁሉ ኮረኮንች ታልፎ ሆቴሉ ሲደረስ ሰው አፍጥሮ፣ ሰግዶ፣ ጥርሱን እየፋቀ ነው።

ባለፈው ረመዷን ሴቶቹ የማለዳውን ወተት ጥላ ሥር አቆይተው ሞክረውት ነበር። የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ይኮመጥጣል። አክስቴ ጥቂት ቀን ታገሰችና የዱቄት ወተት ገዛች። የወተት ሻጯ ልጅ ሰመራ ውስጥ ቤት ተከራይታ የጤና ትምህርት ትማራለች፤ ኪራዩ የሚከፈለው ከዚህ ወተት ነው። በዚያ ወር ኪራዩ ስለጠፋ ልጅቷ ዕቃዋን ጠቅልላ መንደር ገባች፣ ፈተና አለፋት። ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ ትምህርቱ ይቀራል ማለት ነው። ይህንን እናትየዋ አንድ ቀን እንኳ በምሬት አላወራችውም፤ ግን ረመዷን በቀረበ ቁጥር ስለ ሙቀቱ መጠየቅ አበዛች።

ፍሪጅስ የሚል ይኖራል። አክስቴ አንድ ፍሪጅ አላት፤ በሥጋና በውሃ የተጠቀጠቀ ነው፣ መብራቱም ሄዶ ሲመጣ ነው የሚውለው።

ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ወተት ሻጯ ነች። በአዋሽ የሚያልፉ የከባድ መኪና ሾፌሮች የውሃ ጀሪካናቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከመኪናው ውጭ ያንጠለጥሉታል። አንዱ ሾፌር ከዚያ ቀድቶ አጠጥቷት ወደ እኔ ክፍል መጣች።

«ያ ውሃ ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ። «ፍሪጅ የለውም። ወተትስ?»

እኔ ብዙ ስለማላወራ «ይቻላል» ብቻ አልኳት። ለሷ ይህ በቂ ነበር። በማግስቱ የወንድሟን ሚስት፣ በሳምንቱ ጋሼን ይዛ መጣች። ለወተቱ ማቀዝቀዣ ሳጥን ልንሠራ ተስማማን፤ ጋሼ የብረት አቃፊውን በየዱ። ሴቶቹ ግድግዳውን ሠሩ፦ ሁለት ድርብ ሰሌን፣ በመካከሉ የከሰል ፍርፋሪ። ሰሌኑን ምን ያህል አጥብቀው ቢሸምኑት ውሃ ይዞ አየር እንደሚያሳልፍ ሁለቱ ሴቶች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል፤ የሰሌን ቤታቸውን ግድግዳ የሚሠሩት እነሱ ስለሆኑ እኛ አልገባንበትም። ውሃው ከላይ ካለች ጀሪካን በግሉኮስ ቱቦ ጠብ ጠብ ይላል፤ ቱቦው ላይ ያለችው መዘውር ጠብታውን ታበዛለች፣ ታሳንሳለች። የእኔ ድርሻ እርጥቡን ሰሌን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ነበር። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ትንሽ ማራገቢያ፣ እሷን የምታዞር የመጽሐፍ ስፋት ያላት ሶላር፣ በቀጭን ሽቦ ውስጡን የሚለካ ቴርሞሜትር፤ ሁሉም ከሰመራ ከድሮ ጓደኞቼ በሚኒባስ የመጡ። ባዶውን ስንሞክረው ጠብታው ሰሌኑን አርሶ፣ ማራገቢያዋ ዞራ፣ ከሰዓት በኋላ ውጭ ሰው ሲያልበው ውስጡ የማለዳ አየር ነበር።

አክስቴ ሳጥኑን ዞር ዞር ብላ አየችውና ወተት ሻጯን እንዲህ አለቻት፦

«እኅቴ፣ የረመዷንን መጀመሪያ ቀን እሞክረዋለሁ። መግሪብ ላይ ጥሩ ከሆነ ወሩን ሙሉ ካንቺ ነው የምወስደው። ከኮመጠጠ ግን ወላሂ አልደብቅሽም፣ ዱቄቴን እከፍታለሁ። ሰው አፍጥር ብዬ ጠርቼ ፊቱን እንዲያጨማድድ አልፈልግም።»

«ጥሩ» አለች ወተት ሻጯ።

ሳጥኑ በዋዜማው በባጃጅ ወደ መንደር ሄደ፣ ማለዳ ወተቱን ይዞ እንዲመለስ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ እንዳለች ባጃጁ ሆቴሉ በር ላይ ቆመ። ሳጥኑ ሳይወርድ ነው የሸተተኝ፤ ደስ የሚል የጭስ ሽታ። ክዳኑን ከፈትኩ። የወተቱ ቢዶን መሀል ላይ ተቀምጧል። የማራገቢያዋ ክንፎች ግን ወደ ውስጥ ተጠቅልለው እንደ ተጨበጠ እጅ ሆነዋል። የቴርሞሜትሩ ሽቦ ቀልጦ ሰሌኑ ላይ ተጋግሯል፣ ቁጥር የሚታይበት መስኮት ጠቁሯል።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ ወተት ሻጯ መልሳ።

«ማራገቢያው ቀልጧል እኮ።»

«እሱ ትንሽ ጎበጥ ብሏል።»

«እሳት አስገባሽበት?»

«እሳት አይደለም፣ ጭስ ነው። ገል ላይ ፍም አድርጌ፣ እንጨቱን ጨምሬ ዘጋሁት። በደንብ ነው የታጠነው። አሽትተው።»

«ግን ለምን?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የወንድሟ ሚስት በአፋርኛ ፈጥና አንድ ነገር ስትል ነጂው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

«ምን አለች?»

«ይሄ ልጅ እናቱ ቤት ወተት ጠጥቶ ያውቃል ወይ ነው የምትለው።»

ወተት ሻጯ ግን አልሳቀችም፤ በእርግጥ ግራ ገብቷታል። «ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ ወተት ይገባል እንዴ?» አለች። «ሽማግሌው ብረቱን ሠራ። አንተ ንፋሱን ሠራህ። ማጠኑን ለእኔ የተዋችሁት መስሎኝ ነበር።»

ጋሼ መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ቆመው፣ ከዚያ የሆቴሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው። «ዕድሜዬን በሙሉ ማሽን ሲቀባ፣ ሲታጠብ አይቻለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሲታጠን ዛሬ ማየቴ ነው።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ሳቅ» አለቻቸው የወንድሟ ሚስት። አፋርኛ አንተና አንቱ ስለማይለይ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የምትለው፤ ጋሼም ከእሷ ሌላ ነገር ቢሰሙ የሚደነግጡ ይመስለኛል። «ብረትህ ጥሩ ነው፤ አልቀለጠም።»

በዚህ መሀል አክስቴ ወጣች። «እንዴት ነው ጀመዓ፣ ሠራ?» አለች። ወደ ሳጥኑ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ «ሱብሃነላህ» ብላ ተመልሳ ገባች። ከዚያ በኋላ ነው ሳቁ የቆመው። ወተት ሻጯ ነገሩ የገባት በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል። ሻሿን አጠበቀችና ቢዶኑን ከውጭ በመዳፏ ዳበሰችው።

እኔ ክፍል ያሉት ማራገቢያዎች ትልልቅ ናቸው፣ በዚያች ሶላር አይዞሩም፤ ሌላ ትንሽ ማራገቢያ ከሰመራ እስኪመጣ ደግሞ ቀኑ አልቋል። ንፋስ ያለበት ቦታ እንፈልግ ተባለ። ከከተማው ዳር ወዳለው የአዋሽ ወንዝ ገደል አፋፍ ወስደን አስቀመጥነው፤ አንዳንድ ቀን እዚያ ንፋሱ ኮፍያ አያስቀምጥም። በዚያ ቀን ግን ሣር እንኳ አልነቃነቀም። ሰሌኑ ርሷል፣ ከሰሉ ርሷል፣ የሚያልፍ አየር ግን የለም። እኔ ጎንበስ ብዬ የቀለጠችውን ማራገቢያ በምላጭ እየፋቅሁ ላዞራት ስታገል ከኋላዬ አንድ ሰው «ባጃጁ ሲሄድ ንፋስ አለ» አለ።

«ማነው ባጃጅ ያለው?» አለ ነጂው። «እኔ ጾመኛ ነኝ። ዛሬ ሰው ነው የምጭነው ወይስ ግመል?»

«ወተቷን ነው የምትጭነው» አለችው የወንድሟ ሚስት። «ግመሏማ አንተን ትሸከማለች፣ ከነባጃጅህ።»

«ተሳፋሪዬ ላይ ውሃ ቢንጠባጠብስ?»

«በዚህ ሙቀት ጨምሮ ይከፍልሃል።»

ሳጥኑ ከባጃጁ ጀርባ በገመድ ታሰረ። ጋሼ ገመዱን አላመኑትም፤ ቤታቸው ደርሰው ሁለት ቡሎን ይዘው መጡና ከብረቱ ጋር አጠበቁት። ነጂው እንደ ሌላው ቀን ሥራውን ሠራ፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ አውቶቡስ መቆሚያ፣ ከዚያ ወደ ሰፈር። ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች እኔም ውስጥ ነበርኩ፤ ጀሪካኗን ጭኔ ላይ ይዤ ባጃጁ ሲፈጥን ጠብታውን አበዛለሁ፣ ሲቆም አሳንሳለሁ። ሰው እየገባ ይጠይቃል።

«ይሄ ከኋላ ያለው ምንድን ነው?»

«ወተት ነው» ይላል ነጂው።

«የት ነው የሚወርደው?»

«የትም አይወርድም። አየር እየተቀበለ ነው።»

አንድ አስተማሪ የሚመስል ሰው እስኪወርድ ድረስ ዘወር ዘወር እያለ አየውና ሒሳቡን ሲከፍል «ለእሱም እኔው ልክፈል እንዴ?» አለ።

ከዝሁር ሶላት በኋላ ሆቴሉ ጋ ቆምን። ሴቶቹ ተራ በተራ እጃቸውን አስገብተው ቢዶኑን ነኩ። «ይቀዘቅዛል» አለች ወተት ሻጯ። ቀዝቃዛ መሆኑ ግን አልበቃም፤ ወተቱ ቀድሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ንፋስ ቆይቷል። ምናልባት ያን ጊዜ ተበላሽቶ እንደሆነስ? ይህንን የሚነግረን መቅመስ ብቻ ነው፤ የሚቀምስ ደግሞ የለም።

አክስቴ ጾመኛ። ሴቶቹ ጾመኛ። ነጂውና እኔ ጾመኛ። ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን።

«እኔን አትዩኝ» አሉ ጋሼ እጃቸውን እያነሡ። «ሁዳዴ ነው። ወተት እስከ ፋሲካ በዓይኔም አላይ።»

«እንግዲህ አንድ ከተማ ሙሉ ሰው» አለ ነጂው፣ «ወተት የሚቀምስ አንድ ጠፋ።»

«አሽትቺው» አልናት አክስቴን። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። «ጭስ ጭስ ነው የሚለኝ፤ ከጭሱ ሥር ምን እንዳለ በምን ልወቅ?» አለች። ነጂው ምግብ የሚሠራ ሰው በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይችላል ሲባል ሰምቻለሁ አለ። «የተባለው ለወጥ ጨው ነው» አለችው። «እኔ በመጀመሪያው ቀን ጾሜን ጥርጣሬ ውስጥ አልከትም። አንተ ስትተፋ እንዴት እንደምትተፋ ደግሞ አላህ ያውቃል።» ትንሽ ላፍላው፣ የተበላሸ ከሆነ ይቋጠራል ስትል ደግሞ ወተት ሻጯ እንቢ አለች፤ እነሱ ዘንድ የግመል ወተት እሳት ላይ አይጣድም፣ ለግመሏ ጡት ጥሩ አይደለም ይባላል። በመጨረሻ የጎረቤት ሴት አራት ዓመት ያልሞላት ልጇን ይዛ ስታልፍ ተጠራች። በትንሽ ብርጭቆ ቀዳንላት። ልጅቷ ጠጣች፣ ሁላችንንም አየችን፣ አሰበች።

«ስኳር የለውም» አለች።

ከዚያ በላይ ልናወጣጣት አልቻልንም።

ከሰዓት በኋላ የወተት ሻጯ ስልክ ጮኸ። ልጇ ነች፣ ከሰመራ። እዚያ ሳለሁ ትንሽ አፋርኛ ለምጃለሁና እየተከተልኩ ሰማሁ። እናትየዋ እንደ አገሩ ልማድ ወሬውን ከመጀመሪያው ነው የጀመረችው፤ ግመሎቹ እንዴት እንዳደሩ፣ ሳጥኑ እንዴት እንደታጠነ፣ ማራገቢያው፣ ገደሉ፣ ባጃጁ፣ ሽማግሌው ያመጡት ቡሎን፣ ትንሿ ልጅ ያለችው ሁሉ። በመጨረሻ ልጇ አንድ ነገር ጠየቀች። እናትየዋም «ገና አላወቅንም። ዕቃሽን አትጠቅልዪ፤ መግሪብ ይድረስ» አለቻት። ልጅቷ የተከራየችው ቤት ባለቤት መልስ እየጠበቀ እንደሆነ የገባኝ ከዚያ ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ባጃጁ ወደቆመበት ሄዳ ነጂውን «ለምን ቆምክ?» አለችው። እሱም ያለ ተሳፋሪ አስነሥቶ ሄደ።

ለመግሪብ ትንሽ ሲቀር ተመለሰ። የሆቴሉ ግቢ በሾፌሮችና በአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ሞልቷል፤ ቴምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባው ቀርቧል። ጠረጴዛው ዳር የዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ሳይከፈት ተቀምጧል፣ ማንኪያው ከላዩ ላይ። ቢዶኑን አጠገቡ አስቀመጥነው። ወተት ሻጯ አልተቀመጠችም። ጋሼም ባይጾሙትም መጥተው ከኋላ ቆመዋል።

አዛን አለ። አክስቴ ቢስሚላህ ብላ ቴምር በላች፣ ውሃ ተጎነጨች፣ ከዚያ ከቢዶኑ በኩባያ ቀዳች። አንድ ጊዜ ቀመሰች። ፊቷን የሚያይ ሰው ምንም ሊያነብ አይችልም፤ በዚያ ፊት ነው ከሾፌር ጋር ዋጋ የምትከራከረው። ደግማ ጠጣች። ከዚያ ኩባያውን ሳታወርድ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው።

«የጠዋቱ ነው ይሄ?» አለች።

«የጠዋቱ ነው» አለች ወተት ሻጯ።

አክስቴ ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ «አንቺ! ይሄን ቆርቆሮ ከዚህ አንሺው፣ ቦታ ይዟል!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ ወተት ሻጯ መለስ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ነገ ጨምረሽ አምጪ» አለቻት። «ጭሱንም እንዳታሳንሺው።»

ወተት ሻጯ ቴምር እንኳ ሳትነካ ስልኳን አወጣች። በዚህ ጊዜ ወሬውን ከመጀመሪያው አልጀመረችም። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚያው ሁኚ።» ከስልኩ ውስጥ የልጅቷ ጩኸት እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። የወንድሟ ሚስት ስልኩን ነጥቃ የቀረውን ሁሉ ማውራት ስትጀምር ወተት ሻጯ ቁጭ ብላ አፈጠረች።

ወሩ በዚሁ አለፈ። ልጅቷ ከሰመራ አልወጣችም፤ ፈተናዋንም ከጓደኞቿ ጋር ተፈተነች። ወደ ወሩ አጋማሽ ሌሎች ወተት ሻጮችም የየራሳቸውን ሳጥን አሠሩ፤ ከባጃጅ ጀርባ እየተንጠባጠበ የሚሄድ ሳጥን ማየት በአዋሽ የሚያስገርም ነገር አልሆነም። ለቆመ ሳጥን ማራገቢያ አሁንም ያስፈልጋልና እኔ የምሠራው በሁለት መንጠቆ የሚነቀል ሆኗል፤ ሲታጠን ይወጣል፣ ከታጠነ በኋላ ይገባል። መንጠቆው የት ቢሆን እንደሚመች ያሳዩኝ ሴቶቹ ናቸው።

ይህን የጻፍኩት ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው፤ ያላየሁት ደግሞ አለ። «ባጃጁ ሲሄድ ንፋስ አለ» ያለው ማን ነው? ነጂው እኔ ነኝ ይላል፣ የወንድሟ ሚስት እኔ ነኝ ትላለች፣ ጋሼ ዝም ብለው ይስቃሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ በነበሩት ዙሮችም አልነበርኩም፤ ነጂው የት የት እንደሄደ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለያየ መንገድ ነው የሚናገረው። በዚያ ቀን ባጃጁን ተሳፍራችሁ የነበራችሁ፣ በተለይ ከጣቢያው እግራቸው ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ የመጡት እናት፣ የቆርቆሮ ክፍሌ ያለችበት አልተለወጠም። ጎራ በሉና የጎደለውን ሙሉልኝ፤ የተሳሳትኩትም ካለ አርሙኝ።